ገንዳው ይጮኻል፤ ያጥባል ወይ? የአልትራሳውንድን ድምፅ በሐሙሲት ስለ መለካት

በበጋ ወራት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው ሐሙሲትን አልፎ ወደ ወረታ ሲቃረብ በጉማራ ወንዝ ዳርና ዳር የተተከሉ የውኃ መሳቢያ ሞተሮችን ማየቱ አይቀርም። ሽንኩርትና ሌላም የመስኖ ሰብል የሚያለሙ ገበሬዎች ቱቦውን ወደ ወንዙ ሰድደው፣ ሞተሩን በዳርቻው ላይ አኑረው ውኃውን ወደ ማሳቸው ይገፋሉ። ወንዙ እየጎደለ በሄደ ቁጥር በሞተሩና በውኃው መካከል ያለው ከፍታ ይጨምራል። ከዚያም አንድ ቀን ፓምፑ ጠጠር እንደ ዋጠ ሁሉ መንኳኳት ይጀምራል፤ የሚወጣውም ውኃ ይቀንሳል። ፓምፑ ሲፈታ ግን አንድም ጠጠር አይገኝበትም። ሳይታረም ብዙ ከሠራ የሚገኘው፣ ተሽከርካሪው ክንፍ በመርፌ የተወጋ ያህል ተበሳስቶ ነው።

ጠጠሩ ውኃው ራሱ ነው። ፓምፑ ሲስብ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ግፊቱ ከልክ በታች ሲወርድ ውኃው ሳይሞቅ በቀዝቃዛነቱ ይፈላል፤ ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋዎችም ይወለዳሉ። እነዚህ አረፋዎች ወደ ከፍተኛ ግፊት ክፍል ሲገቡ በድንገት ይፈርሳሉ፤ ሲፈርሱም ብረት ይቦረቡራሉ። ይህ ክስተት በሳይንስ ቋንቋ ካቪቴሽን ይባላል። በባሕር ጠለል ላይ የከባቢ አየር ክብደት ውኃን በባዶ ቱቦ ውስጥ እስከ 10.3 ሜትር ሊያነሣ ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በሚገኘው በፎገራ ሜዳ ግን አየሩ ሊሸከም የሚችለው የውኃ ዓምድ 8.3 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በተግባርም ከዚያ በብዙ ያንሳል። የፓምፑ መመሪያ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ከሆነ ገበሬው ሁለት ሜትር ያህል ተበድሏል ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ያነሣነው ስለ ፓምፕ ለመጻፍ አይደለም። በጉማራ ዳር ጠላት የሆነው ይኸው አረፋ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሐሙሲት ከተማ በአንድ የሞባይል ጥገና ቤት ውስጥ ተቀጥሮ ሲያገለግል ስላየነው ነው።

የቀድሞው ተማሪያችን ጥያቄ

የጥገና ቤቱ ባለቤት ከዓመታት በፊት የፊዚክስ ተማሪያችን የነበረ ወጣት ነው። ሌላው ዓለም እርጥብ ስልኩን ደረቅ ሩዝ ውስጥ ይቀብራል ይባላል፤ በፎገራ ግን ስልኩን የሚያረጥበው የሩዙ ማሳ ራሱ ነው። በክረምት ሜዳው በውኃ ሲሸፈን፣ ገበሬው ጎንበስ ብሎ ሲያርም ስልኩ ከደረት ኪሱ ተንሸራትቶ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ስልኩ በማግስቱ ወደ ሐሙሲት ይመጣል፤ ቦርዱም ተፈትቶ ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ ፈሳሽ በተሞላች አነስተኛ የብረት ገንዳ ውስጥ ይገባል። ገንዳዋ ለጥቂት ደቂቃዎች «ሽሽሽ» ትላለች፤ ብሩሽ የማይደርስበት ጭቃና ዝገት ከቺፑ ሥር ተጠራርጎ ይወጣል።

ወጣቱ የጠራን ግን ለስልክ አልነበረም። አንድ አነስተኛ የጥርስ ሕክምና ክሊኒክ ይህንኑ ዓይነት ገንዳ ለመሣሪያዎቹ ማጠቢያ መግዛት ፈልጎ አማክሮታል። «መምህር፣ አንዱ ስልክ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ሌላው ደግሞ በዚያው ውኃ፣ በዚያው ሰዓት እንደ ገባ ይወጣል። ስልክ ሲሆን ደግሜ አጥባለሁ፤ የሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት ሲሆንስ? ምስክር ልሁንላቸው ወይ?» አለን።

ጥያቄው ከባድ ነው። የጥርስ መሣሪያዎች መጀመሪያ ይታጠባሉ፤ ቀጥሎ በአውቶክሌቭ በእንፋሎትና በግፊት ከተሕዋስያን ነጻ ይደረጋሉ። ገንዳው ያጸዳል እንጂ ተሕዋስያንን አይገድልም። ይሁን እንጂ በመሣሪያው ጥርስና መጋጠሚያ ላይ የደረቀ ደም ከቀረ፣ እንፋሎቱ ከሥሩ ላለው ተሕዋስ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ገንዳው ሲያጥብም ሳያጥብም የሚያሰማው ጩኸት ለጆሮ ተመሳሳይ መሆኑ ነው። እኛም ጥቅል የአሉሚኒየም ፎይል፣ ቴርሞሜትርና ማስመሪያ ይዘን ወደ ሐሙሲት ሄድን።

በገንዳው ሥር ምን አለ?

የገንዳዋ ወለል ከሥሩ የሴራሚክ ዲስክ ተጣብቆበታል። ይህ ዲስክ ፒዞኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይሳሳባል ይኮማተራል፤ ሲጫኑት ደግሞ በተራው ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህን ባሕርይ በኳርትዝና በሌሎች ክሪስታሎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1880 ያገኙት ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሌላው ፈረንሳዊ ፖል ላንዥቫን ክሪስታሉን በብረት መካከል አጣብቆ ሰርጓጅ መርከብ ለመፈለጊያ የሚሆን የውኃ ውስጥ ድምፅ አወጣበት። የዛሬዎቹ ማጠቢያ ገንዳዎች ዲስክ የዚያ ፈጠራ የልጅ ልጅ ነው።

የሐሙሲቷ ገንዳ ዲስክ በሴኮንድ 40,000 ጊዜ ይርገበገባል፤ ማለትም ድግግሞሹ 40 ኪሎኸርዝ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ስለማይሰማ፣ ሥራውን የሚሠራውን ድምፅ ማንም አይሰማውም። ታዲያ ያ «ሽሽሽ» ምንድን ነው? እሱ የአረፋዎቹ ድምፅ ነው። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የድምፅ ሞገድ ውኃውን በየተራ ይጨምቀዋል፣ ይስበዋልም። በመሳቡ ጊዜ፣ በአቧራ ቅንጣትና በዕቃው ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ የነበረ ኢምንት አየር ይነፋና አረፋ ይሆናል። በመጨመቁ ጊዜ ደግሞ አረፋው ይፈርሳል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1917 ባዶ አረፋ በምን ያህል ጊዜ እንደሚፈርስ አሰላ። በእሱ ቀመር መሠረት ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ አረፋ በባሕር ጠለል ግፊት 9 ማይክሮሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። የ40 ኪሎኸርዝ ሞገድ አንድ ሙሉ ዙር 25 ማይክሮሴኮንድ ነው፤ ስለዚህ አረፋው በአንድ ዙር ውስጥ ለመወለድም ለመፍረስም ጊዜ አለው። አረፋው ከዕቃ ገጽ አጠገብ ሲፈርስ ክብ እንደ ሆነ አይፈርስም፤ ከጀርባው ተሰርጉዶ ቀጭን የውኃ ፍላጻ ወደ ዕቃው ይተኩሳል። የፍላጻው ፍጥነት በሴኮንድ መቶ ሜትር ያህል ሊደርስ ይችላል። ቆሻሻውን የሚፈነቅለው እንዲህ ያለው ምት ነው።

ይህ ስሌት የመርከብ ሰዎችንም ችግር የሚመለከት ነበር። ቻርልስ ፓርሰንስ «ተርቢኒያ» የተባለችውን በእንፋሎት ተርባይን የምትሄድ ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሞክራት ሞተሯ ኃይለኛ ሆኖ ሳለ ፍጥነት አጣች፤ መቅዘፊያዋ በፍጥነት ሲሽከረከር ውኃውን ሳይሆን ራሱ የፈጠረውን አረፋ ይቀዝፍ ነበር። ፓርሰንስ መቅዘፊያውን ወደ ዘጠኝ አባዝቶ በሦስት ዘንጎች ላይ ካከፋፈለ በኋላ፣ ጀልባዋ በ1897 በእንግሊዝ የባሕር ኃይል ትርዒት ላይ ከ30 ኖት በላይ ሮጣ ሁሉን አስደነቀች። በእኛም አገር ከጢስ ዓባይ ጀምሮ በየግድቡ ተርባይን የሚተክሉ መሐንዲሶች ተሽከርካሪው በምን ያህል ጥልቀት መቀመጥ እንዳለበት ሲያሰሉ የሚጠነቀቁት ይኸንኑ አረፋ ነው።

በወረቀት ላይ የማትሠራ ገንዳ

አሁን ወደ ስሌት እንግባ። የገንዳዋ ወለል 15 በ13.5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በጀርባዋ 60 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ከኤሌክትሪኩ ቅንጣት ሳይባክን ሁሉም ድምፅ ሆኖ ወለሉን እኩል ቢሸፍን ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.3 ዋት ይደርሰዋል።

ለአረፋ መፈጠር ምን ያህል ያስፈልጋል? በተራ ውኃ ውስጥ እንደ ግምት፣ የሞገዱ የመሳብ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ጋር መስተካከል አለበት እንበል። የድምፅ ብርታት የሚገኘው የግፊቱን ካሬ ለውኃው እፍጋትና ለድምፅ ፍጥነት ብዜት እጥፍ በማካፈል ነው። በባሕር ጠለል ግፊቱ 101 ኪሎፓስካል፣ የውኃው እፍጋት በሜትር ኩብ 1,000 ኪሎ ግራም፣ የድምፅ ፍጥነት በሴኮንድ 1,500 ሜትር ነው። ስሌቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.34 ዋት ይሰጣል። ገንዳችን ያላት ቢበዛ 0.3 ነው! በወረቀት ላይ ይህች ገንዳ በወደብ ከተማ አንዲት አረፋ እንኳን አትፈጥርም።

ነገር ግን ትፈጥራለች። ምሥጢሩ ድምፁ ሄዶ የማይቀር መሆኑ ነው። ሞገዱ ከወለሉ ተነሥቶ የውኃው ገጽ ላይ ሲደርስ አየሩ አይቀበለውም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ ይወርዳል። ወጪውና ተመላሹ ሲገናኙ በአንዳንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፤ በሌላው ቦታ ደግሞ ይጣፋሉ። በዚህ ዓይነት የሚፈጠረው ሞገድ ቋሚ ሞገድ ይባላል። ወጪውና ተመላሹ እኩል በሆኑበት፣ በመደጋገፊያው ቦታ ግፊቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ብርታት ደግሞ ከግፊት ካሬ ጋር ስለሚሄድ በዚያ ቦታ ውኃው የሚሰማው አራት እጥፍ ብርታት ያለው ሞገድ የደረሰበትን ያህል ነው። በመጣፊያው ቦታ ግን ዜሮ ገደማ ነው። ገንዳዋ የምትሠራው ድምፁን በእኩልነት ስለምታከፋፍል ሳይሆን ስለምታዳላ ነው። ስልኮቹ የተለያየ ዕጣ የገጠማቸውም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አድልዎው የት የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ መገመት ይቻላል። የ40 ኪሎኸርዝ ድምፅ በውኃ ውስጥ የሞገድ ርዝመቱ 3.7 ሴንቲ ሜትር ነው። የውኃው ገጽ ራሱ መጣፊያ ነው፤ የመጀመሪያው ብርቱ ቦታ ከገጹ የሞገዱን ሩብ ያህል፣ ማለትም 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ በየ1.9 ሴንቲ ሜትሩ ይደጋገማል። በእርግጥ አረፋ የበዛበት ውኃ የድምፅን ፍጥነት ስለሚቀንስና የገንዳው ግድግዳም የራሱ ነጸብራቅ ስላለው እውነተኛው ካርታ ከዚህ የተዛባ ነው። ስለዚህ ማስላት አይበቃም፤ መለካት ያስፈልጋል።

ፎይሉ የጻፈው

በጣም ርካሹ መለኪያ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ነው። ፎይሉን በሽቦ ፍሬም ላይ ወጥረን፣ ወለሉን ሳያስነካ ገንዳው መካከል ቀጥ አድርገን አቆምነው። ውኃው ከጀሪካን በቅርቡ የተቀዳ ነበር። ግማሽ ደቂቃ ጠብቀን አወጣነው፤ ጥቂት ጭረት ብቻ ነበረበት። የቀድሞ ተማሪያችን ፊት ላይ መጠራጠር ታየ፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ጥቂት አፍረናል።

ወዲያው ግን ስሕተታችን ትዝ አለን። በቅርቡ የተቀዳ ውኃ የሟሟ አየር ሞልቶታል፤ ይህ አየር ወደ አረፋው ገብቶ እንደ ትራስ ያገለግላል፤ አረፋው ሲፈርስ ምቱን ያለዝባል። ገንዳውን ያለ ዕቃ ለአሥር ደቂቃ አሠራነው። ትልልቅ አረፋዎች እየተንሳፈፉ ወጡ፤ ድምፁም ከመለስተኛ ጉርምርምታ ወደ ጥርት ያለ ፉጨት ተለወጠ። ሁለተኛውን ፎይል አስገብተን በግማሽ ደቂቃ አወጣነው። ወደ መብራቱ ብናነሣው እንደ ወንፊት ብርሃን አሳለፈ።

ቀዳዳዎቹ ግን በሁሉም ቦታ አልነበሩም። በአግድም በተደረደሩ መቀነቶች ተሰባስበው ነበር፤ በመቀነቶቹ መካከል ፎይሉ እንደ አዲስ ያበራል። በማስመሪያ ስንለካው የመቀነቶቹ ርቀት ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀረብ ይላል። ከዲስኩ በላይ ባለው በመካከለኛው ክፍል ቀዳዳው የበዛ ነበር፤ ወደ ማዕዘኖቹ በተጠጋው በሦስተኛው ፎይል ላይ ግን አንድም አልነበረም። የስልክ ቦርድ በአግድም ተኝቶ በሁለት መቀነቶች መካከል ቢውል፣ ወይም ማዕዘን ላይ ቢቀመጥ ምን እንደሚደርስበት ወጣቱ ሳንነግረው ገባው። «ለካ ቦርዱን ሳይሆን ቦታውን ነው የማጥበው» አለ።

አንድ ሌላም ነገር ሞከርን። ከገንዳው ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ቀንሰን ደገምነው። የውኃው ገጽ ዝቅ ሲል መቀነቶቹም አብረው ወረዱ፤ ድምፁም ደከመ። ለካስ የውኃው ከፍታ እንደ ክራር ጅማት ነው፤ ትንሽ ሲነካ ቅኝቱ ይሄዳል።

ከፎይል ባሻገር

ፎይል የት እንደሚመታ ይናገራል፤ ምን ያህል እንደሚመታ ግን አይናገርም። ጠቅላላውን ኃይል ለማወቅ የሚበቃው ቴርሞሜትር ነው፤ ድምፅ በውኃ ውስጥ ሲጠፋ ሙቀት ይሆናልና። ለምሳሌ 2 ሊትር ውኃ፣ ማሞቂያው ጠፍቶ፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ፣ 2 ኪሎ ግራም በ4,186 ጁል በ1.5 ተባዝቶ ለ300 ሴኮንድ ሲካፈል 42 ዋት ይሆናል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሙከራ ነው። ጉድለቱ አማካይ መሆኑ ነው፤ ስለ መቀነቶቹና ስለ ማዕዘኖቹ ምንም አይነግረንም። የመብራቱ ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ርካሽ ገንዳዎች የሚሰጡት ኃይል አብሮ ስለሚዋዥቅ፣ ልኬቱን በተለያየ ሰዓት መደጋገም ይገባል።

የድምፁን ግፊት በየነጥቡ ለመለካት ሃይድሮፎን ያስፈልጋል፤ ይህም በውኃ ውስጥ የሚሠራ ማይክሮፎን ነው። ችግሩ አረፋዎቹ ለመለኪያውም አለማዘናቸው ነው። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን እጅግ ውድ የሆነ አንድ ሃይድሮፎን በሚሠራ ገንዳ ውስጥ ረስተን ምሳ ሄድን፤ ስንመለስ ጫፉ አይጥ የበላው መስሎ ጠበቀን። ከዚህም ሌላ ሃይድሮፎኑ ራሱ በውኃው ውስጥ ባዕድ ነው፤ ሞገዱን ያንጸባርቃል፣ አረፋም ይሰበስባል። የምንለካው ገንዳውን ነው ወይስ እኛ የገባንበትን ገንዳ?

ስለዚህ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ መረጡ፤ ሞገዱን ትተው የአረፋዎቹን ጩኸት ማዳመጥ። በ40 ኪሎኸርዝ የሚነዳ ገንዳ በካቪቴሽን ጊዜ 40ን ብቻ አይጮኽም። ግማሹን፣ ማለትም 20 ኪሎኸርዝን፣ እንዲሁም 60ንና 80ን ያሰማል፤ ከእነዚህ ሁሉ በታች ደግሞ እስከ ሚሊዮኖች ኸርዝ የሚዘረጋ ወጥ ሹክሹክታ አለ። ይህ ሹክሹክታ የሚመጣው በኃይል ከሚፈርሱት አረፋዎች ስለሆነ ለማጠቢያ ኃይል ጥሩ ምልክት ነው። እንግሊዝ አገር የሚገኘው ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ጫፎቹ ክፍት የሆኑ የቀለበት ቅርጽ ያለው መለኪያ ሠራ። የቀለበቱ ውስጠኛ ገጽ ፒዞኤሌክትሪክ በሆነ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ተለብጧል፤ ውጫዊው ገጽ ደግሞ 40 ኪሎኸርዙን የሚያሳልፍ፣ የሜጋኸርዙን ሹክሹክታ ግን የሚውጥ ቁስ ለብሷል። በመሆኑም መለኪያው የሚሰማው በቀለበቱ ውስጥ የሚፈርሱትን አረፋዎች ብቻ ነው። በገበያ መካከል ቆሞ የአንድን ሰው ወሬ ብቻ እንደ መስማት ያለ ብልሃት ነው። የማጠቢያ ገንዳዎችን አፈታተን በሚመለከት በ1987 ሪፖርት ያወጣው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን፣ በ2019 በገንዳ ውስጥ የካቪቴሽን ድምፅ እንዴት እንደሚለካ የሚገልጽ ሰነድ አውጥቷል። ለዚህ ቀላል ለሚመስል ጥያቄ ሠላሳ ዓመት በላይ መፍጀቱ ጉዳዩ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ያሳያል።

በነገራችን ላይ፣ አረፋው ብርሃንም ይሰጣል። ፍሬንዜልና ሹልተስ የተባሉ ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1934 የፎቶግራፍ አጠባን በአልትራሳውንድ ለማፋጠን ሲሞክሩ በፊልሙ ላይ ያልታሰቡ ነጥቦች አገኙ፤ ነጥቦቹ ከሚፈርሱት አረፋዎች የወጣ ብርሃን አሻራ ነበሩ። ላቦራቶሪ ያላቸው ተማሪዎች ሉሚኖል የተባለውን ኬሚካል በጨለማ ክፍል ውስጥ ቢጠቀሙ የገንዳውን ካርታ በሰማያዊ ብርሃን ተስሎ ያዩታል።

ሐሙሲት ላይ ግን የነበረን የስልክ መዓት ነው። ብዙ ስልኮች በሴኮንድ 48,000 ጊዜ እየናሙኑ ድምፅ ይቀዳሉ፤ ስለዚህ እስከ 24 ኪሎኸርዝ ያለውን ብቻ ሊያሳዩ ይችላሉ። 40ው አይታይም፤ ግማሹ፣ 20ው ግን ከድንበሩ በታች ነው። የድምፅን ድግግሞሽ የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም ጭነን ስልኩን ከገንዳው በላይ ያዝነው። በመጀመሪያው ስልክ ምንም አልታየም፤ አንዳንድ ስልኮች ጆሮ የማይሰማውን ስለሚያጠሉት ነው። በሁለተኛው ስልክ ግን ከ20 ኪሎኸርዝ አጠገብ ቀጭን መስመር ቆማ ነበር። ውኃው አየር በሞላበት ጊዜ ትጠፋለች፤ አየሩ ሲወጣ ትመለሳለች።

ከፍታው የሚለውጠው

ወደ ጉማራው ፓምፕ እንመለስ። በሐሙሲት የከባቢ አየር ግፊት የባሕር ጠለሉን 80 በመቶ ያህል ነው፤ 81 ኪሎፓስካል ገደማ። ከላይ የሠራነውን ስሌት በዚህ ቁጥር ብንደግመው ለአረፋ መፈጠር የሚያስፈልገው ብርታት ከ0.34 ወደ 0.22 ዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። በወደብ ከተማ በወረቀት ላይ የወደቀችው ገንዳ እዚህ ታልፋለች። ግን ለመደሰት አንቸኩል። አረፋውን የሚደቁሰው የከባቢው አየር ክብደት ራሱ ነው፤ እሱም በአምስተኛ ቀንሷል። ያ የሬይሊ አረፋ በ9 ማይክሮሴኮንድ ይፈርስ የነበረው እዚህ ከ10 በላይ ይፈጅበታል። በሌላ በኩል ደካማ አየር አረፋው ይበልጥ እንዲያብጥ ይፈቅድለታል፤ ያበጠ አረፋ ደግሞ ሲፈርስ ብዙ ኃይል ይዞ ነው። ከእነዚህ ተቃራኒ ኃይሎች የትኛው እንደሚያሸንፍ በገንዳው፣ በውኃውና በሙቀቱ ይወሰናል፤ ሌላ ቦታ የተጻፈ መመሪያ አይነግረንም።

ስለ ሙቀት ግን በእርግጠኝነት የምንናገረው አለ። መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ ውኃው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ይሁን ይላሉ። በ60 ዲግሪ የውኃ እንፋሎት ግፊት 20 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ይህ በባሕር ጠለል ከአየሩ ግፊት አንድ አምስተኛ ሲሆን፣ ውኃ በ94 ዲግሪ በሚፈላበት በፎገራ ግን አንድ አራተኛ ይደርሳል። አረፋውን የሚሞላው እንፋሎት በበዛ ቁጥር ምቱ ይለዝባል። ስለዚህ በእኛ ከፍታ ለሚሠራ ሰው ከመመሪያው ዝቅ ካለ ሙቀት ጀምሮ በፎይል እየፈተነ ቢወጣ ይሻለዋል። ደም ላለበት መሣሪያ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፤ ውኃው በጣም ከሞቀ ደሙ ይረጋና ይጣበቃል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አንዳንድ ጠጋኞች ቤንዚን ወይም ቲነር ገንዳው ውስጥ በቀጥታ ይጨምራሉ። አልትራሳውንድ ፈሳሹን ያሞቀዋል፣ ወደ ጭጋግነትም ይለውጠዋል፤ ከሥሩ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት አለ። ይህ ማጠቢያ ሳይሆን ቦምብ ነው። እጅንም ወደሚሠራ ገንዳ መክተት አይገባም።

ከዚያ በኋላ

ለቀድሞው ተማሪያችን የሰጠነው መልስ ለገንዳው ምስክር አትሁን፤ ለፎይሉ ሁን የሚል ነበር። ክሊኒኩ ገንዳ ከገዛ ዕቃው በወለሉ ላይ ሳይሆን በተንጠልጣይ ቅርጫት እንዲገባ፣ ወለል ላይ የተኛ ብረት ድምፁን ከምንጩ ስለሚያፍነው፤ ውኃው ለአሥር ደቂቃ አየሩ እንዲወጣለት፤ መቀሶች ተከፍተው እንጂ ተዘግተው እንዳይገቡ፤ በየሳምንቱም አንድ ፎይል ተፈትኖ፣ ቀኑ ተጽፎበት እንዲቀመጥ ነገርነው። ድግግሞሹን ወደ ላይና ወደ ታች በማወዛወዝ መቀነቶቹን የሚበትኑ የተሻሉ ገንዳዎች እንዳሉም አልደበቅንም፤ ዋጋቸው ግን ሌላ ነው። ቅርጫቱን በእጥበቱ መካከል በአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ ባይተካቸውም፣ ሳንቲም የማያስወጣ ብልሃት ነው። ክሊኒኩ ይህን ሁሉ የማይፈጽም ከሆነ ግን በብሩሽ በጥንቃቄ ማጠብ፣ የሚጮኽን ገንዳ ከማመን ይሻላል አልነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው መንገድ ስናልፍ ጎራ አልን። ክሊኒኩ ገንዳውን ገዝቷል። ፎይሎቹ በአንድ የሒሳብ ደብተር ውስጥ በየቀናቸው ተለጥፈዋል፤ አንዱ ሳምንት ላይ ያለው ፎይል ምንም ቀዳዳ የለውም፤ ከጎኑ «ውኃ ወዲያው ተሞልቶ» ተብሎ ተጽፏል። ወጣቱም የራሱን ገንዳ ውስጠኛ ግድግዳ በቀይ የጥፍር ቀለም አስምሯል፤ አንዱ መስመር ውኃው የሚደርስበት ልክ ነው። በአራቱ ማዕዘኖች ላይ ደግሞ ትንንሽ የኤክስ ምልክት አድርጎባቸዋል፤ አንድ ደንበኛ ምን እንደ ሆነ ቢጠይቀው «እዚያ ቦታ መብራት የለም» ብሎ እንደ መለሰለት ነገረን።